ከጦር ሰፈር የወጣ ሶል

ቁራሌው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በብሎካችን ሥር ሲያልፍ እንደ ወትሮው እየጮኸ አይሄድም፤ አንገቱን ወደ አራተኛ ፎቅ ቀና አድርጎ «ጋሼ፣ ሸክላ አለ!» ይላል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለአሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ካወቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣልኝ የውጭ አገር የዳንስ ኦርኬስትራ ወይም የቋንቋ ማስተማሪያ ሸክላ ነው፤ እንዳይቀየመኝ ስል አንዳንዱን እገዛዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ከማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ፣ ከአንድ እግሩ የተሰበረ ረከቦትና ከሁለት ባዶ ጀሪካን መካከል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የዘፋኟ ብዙነሽ በቀለን ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ መዝዞ ሰጠኝ። ስድስት መቶ ብር ጠየቀኝ፤ ሳልከራከር ከፈልኩት፣ እርሱም አለመከራከሬን አይቶ ዋጋ ማሳነሱ እንደ ቆጨው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ሸክላው ሽፋን የለውም። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጠርዙ ተልጦ፣ ከዘፋኟ ስም በላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 14 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። የቡና ቤት ሸክላ የነበረ ይመስለኛል፤ ደንበኛው «ያቺን አድርግልኝ» ሲል አጫዋቹ ቶሎ እንዲያገኛት የተሰጠ የመደርደሪያ ቁጥር መሆን አለበት። ወደ መስኮት ወስጄ ዘንበል ሳደርገው ጥቁሩ ገጽ ከጫፍ እስከ መሃል ግራጫ ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን መርፌው እንዳይዘልባቸው በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ሳንቲም ይጭኑ ነበር። ሳንቲሙ መርፌውን ከመዝለል ያድነዋል፤ ነገር ግን በየዙሩ የድምፁን ቦይ ግድግዳ ትንሽ ትንሽ ይፍቀዋል። ይህቺ ሸክላ ስንት ምሽት እንደ ተፋቀች ባላውቅም፣ ብዙ ሰው እንደ ከፈለባት ገጿ ይመሰክራል።

ብርቅ ሸክላ የሚለው ነገር በእኛና በፈረንጆቹ ዘንድ አንድ እንዳልሆነ የገባኝ እንዲህ ካሉ ሸክላዎች ነው። በእንግሊዝ ሰሜናዊ ከተሞች የነበሩ ወጣት ሠራተኞች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ የሚያድሩት በአሜሪካ ገበያ ላይ በወደቁ፣ ማንም ባልገዛቸው፣ ሶል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ሸክላዎች ነበር፤ ከጭፈራ ቤቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የዊጋን ካሲኖ እስከ 1981 ድረስ ዘልቋል። የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ሞታውን በ1965 አሳትሞ ሳያሰራጭ ያስቀረው አንድ የፍራንክ ዊልሰን ሸክላ፣ የተረፉት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጧል። እዚያ ሸክላ የሚጠፋው ማንም ስላልሰማው ነው። የእኛዎቹ ግን የጠፉት ሁሉም ሰው ስለሰማቸው ነው፤ ተጫውተው፣ ተውሰው፣ ከግብዣ ግብዣ ተንከራትተው አለቁ። ስለዚህ አንድ ሰው «ፍጹም ንጹሕ፣ ምንም ያልተጫረ» ብሎ የአማርኛ ሸክላ ሲያቀርብልኝ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፤ ባለቤቱ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲያደርግ ኖረ እላለሁ። (ንጹሑን አልገዛም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ንጹሕ ነው ተብሎ ገንዘብ ልኬ፣ በትክክለኛው ሽፋን ውስጥ ሌላ ሸክላ ደርሶኛል።)

ዘመኑም አጭር ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው፣ የዘመናዊው ዘፈን ሸክላ የጎረፈው ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ የወጡት ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቅ አልበሞች እንደሆኑ ይገመታል። በሩን የከፈተው አምሐ እሸቴ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረው አምሐ አደጋውን በራሱ ላይ ወስዶ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ፣ ሸክላውን ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስ ተከተለ፤ ከዚያም አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሬከርድስ መጣ። በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት ቀጥሎ የመጣው ሰዓት እላፊ የምሽቱን ዓለም ሲዘጋው፣ ካሴት ደግሞ የሸክላውን ገበያ ሲወስድበት፣ ነገሩ አበቃ። አምሐም ወደ አሜሪካ ሄደ። እርሱና አለማየሁ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

እኔ ግን የእኛን ሶል ከአሜሪካው የሚለየው የሸክላው ታሪክ አይመስለኝም፤ የዘፋኞቹ መነሻ ነው። አሬታ ፍራንክሊን የሰባኪ ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋን ያወጣችው በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሳም ኩክም ወደ ዓለማዊው ዘፈን የገባው የታወቀ የመንፈሳዊ መዝሙር ቡድን መሪ ድምፅ ከሆነ በኋላ ነበር። የእኛዎቹስ? ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፤ አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት። የእኛ ሶል ከጦር ሰፈር የወጣ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ የአሜሪካኖቹ ዘፋኞች ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዓለም ሲወጡ፣ የእኛዎቹ ሂሩት በቀለና ሙሉቀን መለሰ በኋላ ዘመናቸው ዓለማዊውን ዘፈን ትተው ወደ መዝሙር መግባታቸው ነው፤ መንገዱ ተገላቢጦሽ ሆነ።

ይህ በድምፅ ውስጥ ይሰማል። በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ በነበረው የሶል ሸክላ አሳታሚው የስታክስ ስቱዲዮ፣ ወለሉ ተዳፋት በሆነ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ለጥሩምባ ነፊዎቹ የሚነፉትን በአፉ እየዘፈነ ያሳያቸው ነበር፤ ኖታ አይጽፍላቸውም። በእኛ አገር ግን የነፋስ መሣሪያው ትምህርት የመጣው በኖታ፣ በሰልፍና በዲሲፕሊን ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መጣ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለቀጣዩ ትውልድ እየጻፈና እያቀናበረ አስተማረ። ለዚህ ነው በሸክላዎቻችን ላይ ጥሩምባዎቹ ቀጥ ብለው፣ አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ የሚወጡት፣ ልክ ጫማቸውን እንዳስተካከሉ ወታደሮች። ከፊታቸው የቆመው ድምፅ ግን ወታደር አይደለም፤ ከአዝማሪና ከልቅሶ ቤት የመጣ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ለእኔ የዚህ ሙዚቃ ነፍስ ያለችው ቀጥ ያለው ከሚርገበገበው ጋር በሚያደርገው በዚህ ግጭት ውስጥ ነው።

ወደ ብዙነሽ ልመለስ። «የኢትዮጵያዋ አሬታ» የሚለውን ቅጽል ሰዎች እንደ ክብር ይሰጧታል፤ እኔ አልወደውም። አሬታ በኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ስድስት ዓመት ያህል ድምፅዋን የሚመጥን ሥራ ሳታገኝ ቆይታ፣ በእውነት አሬታ የሆነችው እ.ኤ.አ. በጥር 1967 በአላባማ፣ መስል ሾልስ በተባለች ትንሽ ከተማ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ ስትዘፍን ነው። በዚያን ጊዜ ብዙነሽ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስመ ጥር ድምፅ ሆና ነበር። አዘፋፈናቸውም አይመሳሰልም። አሬታ አንዱን ቃል ይዛ እንደ ደረጃ ትወጣበታለች፣ ትወርድበታለች፤ ቃሉ የወዲያው ጫፍ እስኪደርስ እኛም አብረን እንወጣለን። ብዙነሽ የትም አትሄድም። ድምፁ ላይ ትቆምና እዚያው ባለችበት ታርገበግበዋለች፤ መጀመሪያ ቀጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በመጨረሻ እስትንፋሱ ሊያልቅ ሲል ፈጥኖ። በቁጥር 14 ሸክላ ላይ፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ አንድ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ ጭረቱ በጣም የከፋውም እዚያው ላይ ነው፣ አጫዋቹ ክንዱን አንሥቶ ደግሞ ደጋግሞ እዚያ ቦታ ላይ የጣለው ይመስል።

ስለ ጥላሁን ብዙ አልጽፍም፤ ስለ እርሱ ያልተባለ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ማሕሙድ ግን ከአዲስ አበባው አሪዞና ክለብ ሠራተኝነት ተነሥቶ፣ ዘፋኞቹ በቀሩበት አንድ ምሽት «እኔ ልዝፈን» ብሎ መድረክ የወጣ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ በድምፁ ውስጥ ያለው ያ የልመናና የድፍረት ቅልቅል ይገባኛል። አለማየሁን በተመለከተ ደግሞ ጓደኞቼን የሚያስቆጣ አቋም አለኝ። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር፣ የቃኘው ጣቢያ፣ በሬዲዮው ያመጣውን ሙዚቃ ወርሶ እንደ ጄምስ ብራውን የሚጮኽባቸው ዘፈኖቹ ናቸው በፈረንጅ ሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ የሆኑት። የእኔ አለማየሁ ግን ዝግ ባለው ዘፈን ላይ ነው፤ ግርማ በየነ በፒያኖው ከሥሩ ጠጋ ብሎ ሲያጅበው፣ መጮኹን ትቶ ሲያወራ። ሩጫውን ማንም ይሮጠዋል፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ዘፋኝ ግን ብዙ አልሰማሁም። ስሙ ራሱ «ሶል» ከሚለው ከሶል ኤኮስ ባንድ ዘፋኞች ደግሞ ሰይፉ ዮሐንስንና ተሾመ ምትኩን እወዳለሁ፤ ሁለቱም የተዉት ሥራ ጥቂት ነው፣ እኔም ከሁለቱ አንድ ሸክላ እንኳ የለኝም፤ ያለኝ በፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ላይ ያለው ቅጂ ነው።

ከከተማ ዳር ሸክላ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ከግንባታው የሚነሣው ነጭ አቧራ በተዘጋ መስኮት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ወደ ሳሎን ሲዞር መደርደሪያውን ወደ ኮሪደሩ እገፋዋለሁ፣ አለዚያ ሸክላው እንደ እንጀራ ጠርዙን ያነሣል። ሁሉንም በአንድ ስም ሸክላ እንላለን እንጂ፣ ባለ 78 ዙሩ እንደ ገል የሚሰበር ሲሆን ባለ 45ቱ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ይህን ልዩነት ሳላውቅ አንድ ባለ 78 ዙር ሸክላ በአልኮል ጠርጌ ገጹ በእጄ ላይ ሲሟሟ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። የባለ 45ቱን ሰፊ ቀዳዳ የምሞላው ደግሞ ከዘይት ጀሪካን ክዳን ቆርጬ በሠራሁት ቀለበት ነው።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ የመቶ አለቃ አሉ፤ በአንድ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን ትራምፔት የነፉ ናቸው። የብዙነሽን ሸክላ እንዲሰሙልኝ ለምኜ አራት ፎቅ አወጣኋቸው። ቡናው እስኪፈላ «የመቶ አለቃ፣ እናንተ ያን ጊዜ ይህ ሙዚቃ ሶል መሆኑን ታውቁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ ጠዋት ማርሽ፣ ማታ ዳንስ ነበርን። ትራምፔቱ ያው ነው፤ የምንቀይረው ዩኒፎርሙን ብቻ ነበር።»

መርፌውን ጣልኩት። ጥሩምባዎቹ ሲገቡ የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች ጉልበታቸው ላይ፣ የሌለ ቁልፍ እንደሚጫኑ፣ መውጣት መውረድ ጀመሩ። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ወዳለው ቦታ ልንደርስ ስንል መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሸክላው ግን በራሱ ግፊት መዞሩን ስላላቆመ፣ ከመርፌው ሥር የዝንብ ያህል ቀጭን ድምፅ እየወፈረ፣ እየዘገየ ተሰማና ቆመ። የመቶ አለቃው ጣታቸውን አላቆሙም፤ እስከ ሐረጉ መጨረሻ ድረስ በዝምታ ነፍተው ጨረሱት።

ከዚያ ሲኒያቸውን አነሡና «ሁለተኛው ትራምፔት ዘግይቶ ገብቷል» አሉኝ። እኔ እስከ ዛሬ ስድስት ጊዜ ያህል ሰምቼው ያ መዘግየት የት እንዳለ አላገኘሁትም።