የሥጋ ዶሮ ሲያነጥስ

ከሞቱት ዶሮዎች ብቻ ተነሥቶ የመንጋን በሽታ መፍረድ አልወድም። ዛሬ ጠዋት የቀረቡልኝ ግን ሞተው ያደሩ ብቻ ነበሩ። ልባቸውና ጉበታቸው በነጣ ሽፋን ተለብጧል፤ ስስና ጥርት ያሉ መሆን የነበረባቸው የአየር ከረጢቶች ደፍርሰው አይብ የመሰለ እዥ ቋጥረዋል። ቤተ ሙከራው ኢ-ኮላይ ማግኘቱ አይቀርም። ኢ-ኮላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው የጎዳውን አካል ተከትሎ የሚገባ ባክቴሪያ ነው። እኔ የምፈልገው ቀድሞ የጎዳውን ነው። አንቲባዮቲክ ቢሰጥ ሞቱ ሊቀንስ ይችላል፤ መነሻው ካልታወቀ ግን ቀጣዩም መንጋ ይታመማል።

በቫይረስ የሚመጣው ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሸስ ብሮንካይተስ የተባለው ሌላ የመተንፈሻ አካል የቫይረስ በሽታ ወይም ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያም እንዲሁ። የቤቱ አየር ደግሞ ሁልጊዜ ይዘነጋል። ጉዝጓዙ ረጥቦ አሞኒያው (ከኩሱ የሚወጣው የሚሰነፍጥ ጋዝ) ከ25 ፒፒኤም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ25 ሲያልፍ፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ አቧራንና ጀርምን ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳሉ። ቆሞ ማሽተት አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ ዶሮዋ በምትተነፍስበት ከፍታ መተንፈስ ያስፈልጋል። እዚያው የሚውል ሠራተኛ አፍንጫው ስለሚለምደው «ምንም አይሸትም» ቢል አልፈርድበትም።

ስለዚህ ወደ እርሻው ሄድኩ። ሲመሽ መብራቱን ቀንሰን፣ ማራገቢያውን ለጥቂት ደቂቃ አቁመን አዳመጥን። ቀን በጫጫታው የሚዋጠው ማንኮራፋት ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በየትኛው ጥግ እንደሚብስም ይለያል። ገና ማነጠስ የጀመሩትን፣ ዓይናቸው እንባ ያቀረረውን መርጬ ከጉሮሯቸው ናሙና ወሰድኩ። ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ሲቆይ እየቀነሰ ይሄዳል።

ክትባት መቼ እንደተሰጠም ጠየቅሁ። ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት) በርጭት ከተሰጠ ጥቂት ቀናት በኋላ ቀለል ያለ ማነጠስ የተለመደ ነው፤ የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራም የክትባቱን ቫይረስ ራሱን ሊያገኝ ይችላል። የክትባቱ ይሁን ከውጭ የመጣ እንዲለይልኝ ከናሙናው ጋር ጽፌ ልኬአለሁ።

የቀረው ደሙ ነው። አንድ ጊዜ አሁን፣ ሁለተኛው ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ተወስዶ አንቲቦዲው (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመነጨው ፕሮቲን) ምን ያህል እንደጨመረ ይነጻጸራል። የሥጋ ዶሮ ግን 6 ሳምንት አካባቢ ሲሞላው ይታረዳል፤ ይህ መንጋ ደግሞ 4ኛውን ይዟል። ሁለተኛውን ደም በእርዱ ዕለት ለመውሰድ ከአርቢው ጋር ተስማምተናል።