ትናንት የወደቀ ጭቃ 2 ሺህ ዓመት ሞላው

ለማስተርስ ጥናቴ ከላንጋኖ ሐይቅ ሥር ደለል አውጥቼ የጥንቱን ዝናብ ላነብበት ተነሳሁ። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ። ሲሞላም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድርቁ መቼ መቼ እንደመጣ ማወቅ ፈለግኩ።

ጉድ የሠራችኝ ይቺ "መቼ" ናት።

ፈቃዱ ሦስት ወር ፈጀ። አንዱ ቢሮ ደብዳቤዬ "ጭቃ" ስለሚል መለሰው፤ "የደለል ናሙና" ብዬ ሳመጣው ማኅተም መታልኝ። ጀልባ ተከራየን፣ ቱቦውን ሰካን፣ አወጣን።

ቀጥሎ ዕድሜውን ማስለካት ነበር። ተክል በሕይወት ሳለ ካርቦን 14 የሚባል፣ ቀስ በቀስ የሚጠፋ የካርቦን ዓይነት ከአየር ይወስዳል። ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። የቀረውን ለክቶ ዕድሜ ማውጣት ነው። ለአንድ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል፤ እኔ ያለኝ ለአራት ብቻ ነው። የላቦራቶሪው መመሪያ "ጥሬ ደለል ይበቃል" ይላል። አራቱንም ከታችኛው ክፍል ቆርጬ ላክኩ። አማካሪዬ "ላይኛውንም አስለካ" ሲሉኝ "አዲስ መሆኑን እያወቅን ለምን ገንዘብ እናባክናለን?" ብዬ ተከራከርኩ። አሸነፍኩ። ምነው በተሸነፍኩ!

ውጤቱ መጣ፣ ምዕራፉን ጻፍኩ፣ ሰው ፊት ቆሜም በኩራት አቀረብኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "የላይኛው ጭቃ ስንት ዓመቱ ነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ከእህቴ ተበድሬ ላክሁት።

ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ መጣ። ላይኛው ጭቃ እኮ አምና ሐይቁ ላይ ሰፍፎ የሰመጠ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር፣ ያለበት ነው!

ያን ዕለት ጀልባውን የያዙት ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ በዳር በኩል የሚንተከተከውን ውሃ አሳይተውኝ ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ሐይቅ ከሥሩ ይተነፍሳል" አሉኝ። ፎቶ አነሳሁና አለፍኩ። የሚተነፍሰው ከቀለጠ አለት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ካርቦን 14 የሚባል የለውም። አልጌው እሱን ሲመገብ ገና ሲወለድ አርጅቶ ይወለዳል። ከውሃው ካርቦን ሩቡ እንዲህ ያለ የሞተ ካርቦን ከሆነ ዕድሜው በ2,400 ዓመት ገደማ ይሳሳታል። ግማሹ ከሆነ በ5,730። እሳተ ገሞራ ካርቦን እንደሚያወጣ እኮ ፈተና ላይ ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ!

"ታዲያ 2 ሺሁን ቀንሰው" ያሉኝ ነበሩ። አይሆንም። ሐይቁ ሲሞላና ሲጎድል የጋዙ ድርሻም ይለዋወጣል። ስህተቱ ራሱ ከዝናቡ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ዝናቡን ነው።

የተረፈውን ደለል በወንፊት አጠብኩ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ በወረንጦ ስለቅም የተቃጠለ ሣር ቁራጭ አገኘሁ። ሣር የሚተነፍሰው ከአየር እንጂ ከሐይቅ አይደለም። የሱ ዕድሜ አጠገቡ ካለው ጭቃ በብዙ መቶ ዓመታት አነሰ።

መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ ፍል ውሃ ካለበት ሐይቅ ጥሬ ደለል አትላኩ። የመጀመሪያዋን ብር ዕድሜውን በምታውቁት ላይኛው ጭቃ ላይ አውጡ። ከየብስ የመጣ ቅጠል ወይም ዘር ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

የእህቴን ብድር ገና አልጨረስኩም።