ሃምሳ ላይ የመጣች ቪጋን

አስጎብኚ ስትሆን ከቢሮ በሚሰጥህ ወረቀት ላይ ስለ እንግዳው ምግብ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው። የዚያን ጊዜው «ቪጋን፣ ግሉተን የማትበላ» ይላል። ቪጋን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይበላ ሰው ነው፤ ግሉተን ደግሞ በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት እህሎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። እንግዳዋ ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት መምህርት ናት። ጉዞው ከአዲስ አበባ በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ደርሶ መልስ ነው። ወረቀቱን የሰጠኝ የቢሮው ሰው ሳቀ።

«ጾም በሚጾምበት፣ ጤፍ በሚበላበት አገር ይሄ ምን ያስጨንቃል? ከዚህ የተሻለ የት ልትሄድ ነው?»

ለአፉ እውነቱን ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። ሁዳዴ ላይ ብትመጣ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ በየደረሰችበት ምስር፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የዘይት ሽሮ ይቀርብላታል። ግን የመጣችው ግንቦት ላይ ነው። ፋሲካ አልፏል፤ በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሁሉ የጾሙን ድስት ሰቅሎ ቅቤውን አውርዷል።

ቡታጅራን አለፍ ብለን ለምሳ ቆምን።

«ጾም አላችሁ?»

አስተናጋጁ ገላመጠኝ። «ጋሼ፣ ሃምሳ ላይ?»

«ሽሮስ?»

«ሽሮ አለ። በቅቤ አብዶ ነው የሚመጣው!»

ያን ቀን ምሳዋ አቮካዶ በሎሚ ነበር። ወደ ሶዶ ስንጠጋ ነገሩ ባሰ። ወላይታ ለሥጋ ወዳጅ ገነት ነው፤ ጥሬው በዳጣ እየተበላ ግማሽ ቀን የሚቀመጡበት አገር ነው። እኔና ሹፌራችን ምራቃችንን እየዋጥን ጎመን ስንፈልግ ዋልን።

እንግዳዋ የምትፈራው ግን ከቅቤው ይልቅ ግሉተኑን ነው። ቅቤ ብትበላ ታዝናለች እንጂ አትታመምም። እሷ ያለባት ሲሊያክ የሚባለው ሕመም ነው። ግሉተን ሲገባ ሰውነቷ የገዛ ትንሹ አንጀቷ ላይ ይዘምታል። መድኃኒት የለውም፤ መጠንቀቅ ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ መመዘኛ «ከግሉተን ነፃ» የሚባል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖርበት አይፈቀድም። የዳቦ ፍርፋሪ የነካው ቢላዋ እንኳ ለእሷ ችግር ነው ማለት ነው። እኛ አገር «አይስማማኝም» ስትል «ትንሽ ቅመሺ፣ ምንም አይልሽም» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ይሄ ደግነት ነው የሚያስፈራው።

ማታ ያደርንበት ሆቴል የድንች ጥብስ አዘዘች። ምን አለበት? ድንች፣ ዘይት፣ ጨው። አስተናጋጇም እንደዚያው አለች፤ አልዋሸችም። ጠዋት ሻይ ላስቀዳ ወደ ጓዳ ብቅ ስል ነገሩ ገባኝ። አንድ ትልቅ መጥበሻ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ዘይቱ ጠቁሯል። ፓስቲው ላዩ ላይ እየተገላበጠ ነው። አጠገቡ ሳምቡሳ ተራውን ይጠብቃል። ድንቹም የተጠበሰው እዚያው ውስጥ ነው።

እንግዳዋ ያን ጠዋት ከኋላ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ከሶዶ አርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ቁጥቋጦ ባየን ቁጥር እየቆምን ግማሽ ቀን ፈጀን። ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ ገዛንላት። አንዱን ልጣ እየጎረሰች ሐይቁን ስታይ ትንሽ ፊቷ ተመለሰ። አልተማረረችም። «ሆቴሉን ምን ትላለህ፣ ድንች ብሎ ድንች ነው የሰጠኝ» አለችኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ በተለይ በዚያ በሚስቀው የቢሮ ሰው።

አርባ ምንጭ ስንደርስ እንጀራ ልናስበላት ፈለግን። እዚህ ላይ በሥራዬ ዓመታት ሁሉ ያላስተዋልኩት ነገር ታየኝ። አስተናጋጁን «ጤፍ ብቻ ነው?» ስትለው መልሱ አንድ ነው። «ማኛ ነው፣ ንጹሕ!» ሌላ ምን ይበል? ባለቤቱ ቆሞ ያያል፣ ደንበኛ ይሰማል። በዛሬ የጤፍ ዋጋ ሳይቀላቅል የሚሸጥ ስንት አለ? መቀላቀሉ ነውር አይደለም፤ ሰው ፊት ማመኑ ነው የሚከብደው። ሾልኬ ከኋላ ወደ ጭሱ ቤት ሄድኩ። እናት እሳት እየቆሰቆሱ ነው።

«እናቴ፣ እንዴት ያለ ዓይን አለው እንጀራዎ! ምን ምን ቀላቀሉበት?»

«ገብስ ነው የሚያሳምረው» አሉኝ ኩራት እያላቸው። «የስንዴ ዱቄትም ጣል አደርግበታለሁ፣ እንዲለሰልስ።»

በቃ። የፈለግኩትን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ አስተናጋጅ መጠየቅ ተውኩ። «ይሄ አለው ወይ?» ማለቱንም ተውኩ። ጋጋሪዋን ለብቻዋ አግኝቶ፣ እጇን አመስግኖ፣ «ምን ምን ገባበት?» ማለት ነው። ዘይቱንም «ከዚህ በፊት ምን ጠበሳችሁበት?» ብሎ ነው። ሰው የሠራበትን ነገር መዘርዘር ይወዳል፤ መመርመር ነው የማይወደው።

ግን መጠየቁ እውነቱን ያመጣል እንጂ ምሳ አያመጣም። አንዱ አስተናጋጅ እኮ «ጾም ከሆነማ ዓሣ አለላት» ብሎ አስቆናል። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ጥሩ ነው፤ ለቪጋን ግን ያው ሥጋ ነው።

መላውን ያመጣው ሹፌራችን ነው። ረጅም መንገድ የኖረበት ሰው ነው፤ «የድሮ ሰው መንገድ ሲወጣ ምን ይዞ ነበር የሚወጣው? ድርቆሽ!» አለና ሚስቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎታል።

«ስሚ፣ እንጀራችን ውስጥ ምን ምን አለ?»

«ምን ሆነብህ?»

«ምንም አልሆነብኝ። ምን ቀላቅለሽበታል?»

ዝም አለች። ቆይታ «ሩዝ» አለች። «ትንሽ። ማን ነገረህ?»

ሹፌራችን ጭኑን መታ። «ሩዝ! ተባረኪ!» ለካ እሱ እስከዚያ ቀን ንጹሕ ጤፍ የሚበላ መስሎት ነው የኖረው። ሩዝ ግሉተን ስለሌለው ለእንግዳችን ምንም አይደል። እንግዳዋ በእኔ በኩል ጥያቄ ላከች። ወፍጮውስ? ሴትየዋ አሁን ቀልቧ ገብቷል። ወፍጮ ቤታቸው ለጤፍ የተለየ ድንጋይ አለው፤ ሩዙን ቤት ዘፍዝፋ በራሷ መፍጫ ነው የምትፈጨው፤ በምጣዷም ስንዴ ጋግራ አታውቅም። ከዚህ በላይ የትኛው ሆቴል ያረጋግጥልሃል?

የደረቀው ድርቆሽ ነበራት። በካርቶን አድርጋ፣ በርበሬና ምጥን ሽሮ ጨምራ፣ ስልካችንን በእስክሪብቶ ጽፋበት፣ ጎህ ሳይቀድ ለአርባ ምንጭ አውቶቡስ ረዳት ሰጠችው። አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ተቀበልን። ገበያ ወጥተን አዲስ ትንሽ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ገዛን። ከዚያ በኋላ በየሆቴሉ የምንለምነው እሳት ብቻ ሆነ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ካልተከፈተ ጠርሙስ ዘይት፣ በርበሬ። ድርቆሹ ወጡን ሲጠጣ ሽታው ምግብ ቤቱን ሞላው፤ የሆቴሉ ወጥ ቤቶች ሳይቀሩ ሊቀምሱ መጡ። ማንኪያቸውን ከድስቱ ማራቅ የኔ ሥራ ሆነ።

ዶርዜ ላይማ ድርቆሽም አላስፈለገን። ቆጮው ከእንሰት ነው፤ ሌላ እህል አይገባበትም። ሴትየዋ ሊጡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ እሳት ላይ ስታገላብጥ እንግዳችን ከአጠገቧ አልተነሳችም። ሲቀርብ ከማርና ከዳጣ ጋር ነው። እንግዳችን ማሩን ወደኔ ገፋችው፤ ጋጋሪዋ ቅር አላት። «ለንብ አዝና ነው» አልኩ። ሴትየዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ጀርመናዊቷ ዳጣውን በደንብ ጠቅሳ ጎረሰች፤ እንባዋ እየወረደ ሌላ ጠቀሰች።

ኮንሶ ሰው የሚሄደው እርከኑን ለማየት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ መዝግቦታል። እኛ እርከኑንም አየን፣ ኩርኩፋም በላን። የማሽላ ዱቄት እንክብል ተደርጎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ ነው። ማሽላም ሽፈራውም ለእሷ ደህና ነው። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ግን እንደልማዴ ከጓዳ ጠየቅኩ። በቆሎ ያገባችበትም ነበረች፤ እሱም ችግር የለበትም። ጂንካን በሰላም ደርሰን ተመለስን።

አዲስ አበባ ገብቼ ሒሳብ ሳወራርድ የአውቶቡሱ ረዳት፣ የድስቱና የድርቆሹ ወጪ ላይ ቢሮው ቆመ። የሒሳብ ሠራተኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«የድርቆሽ ደረሰኝ የታለ?»

ደረሰኝ የለም። ረዳት ደረሰኝ አይቆርጥም፣ የሹፌር ሚስትም የንግድ ፈቃድ የላትም። ከብዙ ክርክር በኋላ የድስቱ ተከፈለኝ። ድስቱ ግን የቢሮው ንብረት ነው ተብሎ መጋዘን ገባ። የድርቆሹን እንግዳዋ ራሷ ከጉርሻ ጋር ለሹፌራችን ሰጥታው ስለነበር እሱ አልተከፋም።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ እንዲሁ ስንዴ የማይበሉ ባልና ሚስት ለባሌ ጉዞ ተመዘገቡ። የሚስቀው የቢሮ ሰው ዘንድሮ አልሳቀም። የሹፌራችንን ሚስት ቁጥር ከእኔ ተቀብሎ ራሱ ደወለላት። ዋጋ ጨምራ ጠበቀችው።