«ዛሬ ጠብታ አልቀመስኩም»

ደሴ፣ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ግቢ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ተሳቢው ጭነቱን ይዞ አድሯል፤ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ ነው። ስምሪት ክፍሉ ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት ትንፋሽ መለካት የጀመረው በቅርቡ ነው። የድርጅቱ ደንብ አጭር ነው፤ ከዜሮ በላይ ያነበበ አይወጣም።

ሾፌሩ ነፉ። መሣሪያው በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.41 ሚሊግራም አልኮል አነበበ።

«ዛሬ ጠብታ አልቀመስኩም! ስድስት ሰዓት ላይ ተኝቻለሁ እኮ።»

የስምሪት ሠራተኛው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። «ጋሼ፣ ውሸት ነው አላልኩም። አፍዎን በምን ተጉመጠመጡ?» አላቸው። ከፋርማሲ የሚገዛ መጉመጥመጫ ነበር።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ብዙ መጉመጥመጫዎች አልኮል አላቸው፤ አፍ ውስጥ የቀረው አልኮል ደግሞ ከሳንባ በሚመጣው ላይ ተደርቦ ቁጥሩን ያንረዋል። ስለዚህ አፍን በውሃ አጥቦ፣ ሳይበሉ፣ ሳይጠጡና ሳያጨሱ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ አዲስ የመንፊያ ቱቦ ይገባል፤ መሣሪያው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ሳያቋርጡ በአንድ ረጅም ትንፋሽ ይነፋል። አጭር እፍታ የአፍ አየር እንጂ የሳንባ አይደለም። በደሴ ብርድ ውጭ ያደረ መሣሪያም እስኪሞቅ ያዘገያል፤ ቤት ውስጥ ቢያድር ይሻላል።

ሁለተኛው ንባብ 0.19 ሆነ። ያ የመጉመጥመጫ ሳይሆን የማታው ነው።

ማታ ጫት ነበር፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ሰባት ቢራ። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 ፐርሰንት የሆነ አንድ ጠርሙስ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይይዛል፤ ሰባቱ 91 ግራም ናቸው። 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ደም ውስጥ ይህ በሊትር 1.9 ግራም ገደማ ይሆናል። ጉበት በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም የሚያነሳው 0.15 ግራም ያህል ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ባሉት አሥር ሰዓታት 1.5 ግራም ወጣ ማለት ነው፤ በደም የቀረውን መሣሪያው በትንፋሽ አገኘው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ የጠዋት ጫት ጉበቱን አያፋጥኑትም። ጫት እንዲያውም ይከፋል፤ እንቅልፉን ይገፋና ሰውየው ንቁ ነኝ ብሎ ያምናል፣ አልኮሉ ግን ባለበት ነው። ጠላና አረቄ ሲሆን ስሌቱም አይሠራም፤ ጥንካሬያቸው እንደ ጠማቂውና እንደ አውጪው ነው።

ስህተቱ የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ጭነቱ ዘገየ ብሎ የተጨነቀ አንድ ኃላፊ «ረዳቱ እስከ ኮምቦልቻ ያውርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር አይደል?» አለ። ረዳቱ ተሳቢ የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ የለውም። ቁልፉም ተሰጠው፤ ሞተሩም ተነሳ።

እነዚያ 25 ኪሎ ሜትሮች ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ይጨምራሉ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። የጫነ ተሳቢ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተር ተይዞ ነው የሚወርደው። ማርሽ ሳይቀነስ ተገብቶ ፍሬን ላይ ብቻ ከተቆመ ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ ማርሹ አይገባም። ይህን ውሳኔ ኩርባው ከመድረሱ በፊት መወሰን ነው ልምድ የሚባለው። አልኮል ቀድሞ የሚነጥቀውም እሱኑ ነው። መሪውን ከጠጣ አንጋፋ ወደ ያልጠጣ ጀማሪ ማዛወር አደጋውን መቀየር እንጂ ማስወገድ አልነበረም።

መኪናውን በር ላይ ያስቆሙት ሾፌሩ ራሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ውረድ። እኔ ብቀር ይሻላል» አሉት።

መንጃ ፈቃዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ቀረ፤ ድርጅት ቁልፍ ይይዛል እንጂ ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣን የለውም። መንገድ ላይ ከሕጉ ወሰን በላይ ሆኖ የተያዘ ግን ጉዳዩ ከሕግ ጋር ነው፤ ፈቃድ ሲታገድ ደግሞ ለባለሙያ ሾፌር እንጀራው ነው የሚታገደው።

ተተኪ ሾፌር ተጠርቶ መኪናው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ሾፌሩ 3 ሰዓት ላይ እንደገና ነፉ፤ 0.00። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በስምሪት መዝገቡ ላይ «ጠጥተዋል?» የሚለው ጥያቄ ተሰርዞ «የመጨረሻውን በስንት ሰዓት ጠጡ? ስንት?» የሚል ገባ፤ የተጠባባቂ ሾፌር ስምም በየምሽቱ ከሥሩ ይጻፋል።