ሰኞ ያልተገኙት

ደሴ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ከሁሉም የማልረሳው የአንዲት መምህርትን ጥናት ነው። ክረምት ትማራለች፣ ዓመቱን ታስተምራለች። ርዕሷ ከራሷ ክፍል የወጣ ነበር፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ለምን ከትምህርት ይቀራሉ?

ፕሮፖዛሏን ወደድኩት። «የትምህርት ጥራት ችግሮች በኢትዮጵያ» ብለው የሚመጡልኝ ብዙ ናቸው፤ ያ በአንድ ሰው አቅም አያልቅም። የእሷ ግን ጠባብ ነው፣ ቦታውንም ታውቀዋለች። ናሙናውን፣ ማለትም ከሁሉም ስንት ተማሪ እንደሚጠየቅ፣ በያማኔ ቀመር አሰላነው። ተማሪዎቹ 400 ናቸው፤ የስህተት መጠኑን 0.05 ስናደርገው 200 መጣ። መጠይቁን አይቼ ፈረምኩ።

200ው ወረቀት በአንድ ጠዋት ተሞልቶ ተመለሰ። አንድም አልጎደለም። ደስ አለኝ። መልሱን ሳየው ግን ግራ ገባኝ። አብዛኞቹ «ባለፈው ወር አልቀረሁም» ብለዋል። ታዲያ ችግሩ የት አለ?

ትምህርት ቤቱን ላየው ሄድኩ። የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገለጠም። በር ላይ ለጥበቃው ስለ ጥናቱ ሳጫውታቸው «መቼ ነው ያስሞላችሁት?» አሉኝ። ሰኞ አልኳቸው። መምህርቷ ክፍለ ጊዜ የሌላት ያን ቀን ነበር።

«ሰኞማ የሚቀሩት ልጆች ገበያ ናቸው፣ መምህር።»

ክው አልኩ። የደሴ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈርም አለን። ስለ መቅረት የጠየቅነው የመጡትን ብቻ ነው! ቀመሩ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይነግራል እንጂ እነማንን እንደምንጠይቅ አይመርጥልንም። ያን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ደውዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እንደ አዲስ ልጀምር ማለት ነው፣ መምህር?» አለችኝ። አዎ፣ አልኳት።

ከስም መጥሪያው የሁሉንም ስም ገልብጣ ዕጣ አወጣች። ዕጣ የወጣለት ልጅ ከቀረ በምትኩ ሌላ አልወሰደችም፤ እስኪመጣ ጠበቀችው። ይሄ አድካሚ ነው፣ ግን የጥናቱ ነፍስ እዚህ ላይ ነው። መጠይቁንም አስቀድመን ናሙና ውስጥ ባልገቡ 15 ልጆች ሞከርነው። «የቤተሰብ ኢኮኖሚያዊ ጫና» የሚለው አልገባቸውም። «በየትኛው ቀን ቤተሰብህን በሥራ ታግዛለህ?» ሲባል ገባቸው። ልጆቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ለወላጆችም የፈቃድ ወረቀት ተላከ።

አንዱን ልጅ ስትፈልገው ከርማ ሐሙስ አገኘችው። «ለዩኒት ሊደሩ ይሰጣል?» ብሎ ጠየቃት። ስም እንደማይጻፍ አሳየችው። ሞልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባው ላይ ጻፈ፦ «ሰኞ እናቴ ሽንኩርት ስትሸጥ ሂሳቡን የምሠራላት እኔ ነኝ።»