መሳቢያ ውስጥ ያለች አራስ

ባለፈው ሐምሌ ፍራንክፈርት ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበና በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። ከሥራ ስመለስ የእግረኛው መንገድ ላይ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ፈልተዋል። ልጅ ሆኜ ከዝናብ በኋላ መብራት ላይ ይረባረብ የነበረው አሸን ትዝ አለኝ። ከመሃላቸው አንዷ ክንፍ የላትም፤ ብቻዋን ትሮጣለች። ጥቁር ናት፣ ከሌሎቹ ጉንዳኖች በጣም ትበልጣለች፣ ጀርባዋ አበጥ ያለ ነው። ይህን ስታዩ አየር ላይ ተጋብታ የወረደች፣ ክንፏን ራሷ የጣለችና ጎጆ መውጫ ጉድጓድ የምትፈልግ ንግሥት ናት ማለት ነው። ላሲየስ ኒጀር ትባላለች፣ የአውሮፓ ከተሞች የተለመደች ጥቁር ጉንዳን። ቤቴ ላሳድጋት በያዝኩት የፕላስቲክ ዕቃ ይዣት ገባሁ።

ቤቷ ቀላል ነው። ጣት የሚያህል የመስታወት ቱቦ ትወስዳላችሁ፣ ሲሶውን ውሃ ትሞሉና ጥጥ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ትደፍኑታላችሁ። ጥጡ እርጥበት ይሰጣታል፣ ውሃው ግን አያሰጥማትም። ከዚያ እሷን ታስገቡና አፉን በሌላ ጥጥ ትዘጋላችሁ። አለቀ፤ ምግብ አይገባም።

እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ሰው አላምን የሚለኝ። ንግሥቲቱ ግን ስንቋን በሰውነቷ ይዛ ነው የመጣችው። ከእንግዲህ አትበርም፣ ስለዚህ ክንፏን ያንቀሳቅስ የነበረው ጡንቻ ቀስ እያለ ይሟሟና ከሆዷ ስብ ጋር ምግብ ይሆናታል። የመጀመሪያ ልጆቿንም በአፏ የምትመግበው ከዚሁ ነው። የበረረች ዕለት ከወንድ ያገኘችውን ዘር ደግሞ ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች። ዕድሜዋም አጭር እንዳይመስላችሁ፣ የዚህ ዝርያ ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች።

ይቺ ሁለተኛዬ ናት። የመጀመሪያዋ ካቻምና በእኔ ጥፋት ሞተችብኝ። በየማታው የስልኬን መብራት አብርቼ አያት ነበር፣ አንዳንዴ ቱቦውን አንስቼ አዞረው ነበር። 8 እንቁላል ቆጠርኩ፣ ከሳምንት በኋላ 5 ሆነ፣ ከዚያ ባዶ። ንግሥት ስትረበሽና ስትፈራ እንቁላሏን መልሳ ትበላለች። መስከረም ሳያልቅ ሞተች፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "አራስ ቤት በየማታው መብራት ይዞ ይገባል እንዴ ልጄ?" ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ያውም ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው የሌላት አራስ።

ስለዚህ አሁን ያለችውን ከነቱቦዋ ጥቁር ካልሲ ውስጥ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳትና በ10 ቀን አንዴ ብቻ ላያት ለራሴ ቃል ገባሁ። ከባድ ነው። ቁርስ እየበላሁ ስለሷ አስባለሁ፣ መሳቢያው አጠገብ ሳልፍ እጄ ይሄዳል። በመጀመሪያው 10 ቀን እርስ በርሱ የተጣበቀ ነጭ የእንቁላል ክምር ነበራት። ቀጥሎ እጮቹ መጡ፣ ከዚያ ዙሪያቸውን ክር ፈትለው ተጠቀለሉ፤ ከጤፍ የሚበልጥ፣ ከሩዝ የሚያንስ ነገር።

እንቁጣጣሽ ማግሥት ካልሲውን ሳወጣ አንዲት ሠራተኛ ቆማለች። ትንሽዬ፣ ገና ያልጠቆረች። የመጀመሪያዎቹ ሁሌም ትንንሽ ናቸው፤ ያደጉት ከእናታቸው ሰውነት በተቆረሰ ብቻ ነዋ። በማግሥቱ ፎይል ላይ የስፒል ራስ የምታህል የማር ጠብታ አድርጌ አስገባሁላቸው። ልጅቱ ረጅም ጊዜ ጠጣች፣ ሆዷ ተነፍቶ ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እናቷ ሄዳ አፍ ለአፍ ገጥማ አጠጣቻት። ሃምሳ ቀን ካለፈ በኋላ የመጀመሪያ ጉርሻዋ ነው። እስኪጨርሱ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ማር፣ አልፎ አልፎ ፍሪዘር ውስጥ የሞተች ትንኝ፣ የተረፈውን ሳይሻግት ማውጣት። ጓደኞቼ "ከአገር ቤት ትልቅ ጉንዳን አምጣ" ይሉኛል። አይሆንም። ካገሩ የወጣ ጉንዳን አምልጦ ከተራባ የሌላውን አገር ነፍሳት ሊያጠፋ ይችላል፣ እኔ ያን በሕሊናዬ አልሸከምም። የደጄ ትበቃኛለች።

የዚህ አገር ጉንዳን የብርዱን ወራት መተኛት አለበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ 11 ሠራተኞች ሲሆኑ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የአትክልት መሳቢያ አስገባኋቸው። እስከ መጋቢት እዚያው ናቸው። በወር አንዴ ጥጡ እንዳይደርቅ አያለሁ። ትናንት አየኋቸው፤ 11ዱም እናታቸውን ከበው ተኝተዋል።