የክረምቱ ኮላ

የኮላ ፋብሪካ ላብራቶሪ ኃላፊ ከሆንኩ በሁለተኛው ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ የእንጨት ኮላችን ይመለስ ጀመር። «አይይዝም» ይላል ቅሬታው።

እኔ ለገሃር አካባቢ ካለችው ላብራቶሪያችን ንቅንቅ ሳልል የተመለሰውን አስለካሁ። ደረቅ ይዘቱ ልክ ነው። ውፍረቱ ልክ ነው። ፒኤቹም ልክ ነው። «የአጠቃቀም ስህተት» ብዬ ፈረምኩ። ያ ፊርማ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅሬታው ሲበዛ መርካቶ ወረድኩ። በእንጨት ሥራ ያረጁ አንድ አባት ጋ ገባሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የቆርቆሮው ቤት ውስጥ ትንፋሼ ይታየኛል።

«ጋሼ፣ እስቲ ያልያዘውን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

የወንበር እግር አምጥተው በባዶ እጃቸው አላቀቁት። መገጣጠሚያውን በጥፍራቸው ሲፍቁት ነጭ ዱቄት ረገፈ።

«ይኸው ልጄ። ይሄ ኮላ ነው ጠመኔ?»

መልሱ እዚያው እጃቸው ላይ ነበር። ነጩ ኮላ ውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የፖሊቪኒል አሲቴት እንክብሎች ነው። ውሃው ሲሄድ እንክብሎቹ ተጨፍልቀው አንድ ጥርት ያለ ሽፋን መሆን አለባቸው። ማለስለሻ ካልታከለበት ግን ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች እምቢ ይላሉ። ደርቀው ጎን ለጎን ይደረደራሉ እንጂ አይዋሃዱም። የእኛ ፎርሙላ ማለስለሻው ትንሽ ነበር፤ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። እኛ ናሙና የምንፈትነው ኦቭን ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት ሞቃት ክፍል ነው። እንዴት እናየዋለን?

ከዚያ በኋላ መስታወት ላይ ኮላ እየቀባን በረንዳ ላይ ማሳደር ጀመርን፤ ከጎኑ ቴርሞሜትር። ጠዋት ከቡና በፊት ሁላችንም ወጥተን እናያለን። የነጣው ይጣላል፣ የጠራው ይቀጥላል።

ማለስለሻውን ጨምሮ መገላገል ይቻላል ብዬ ነበር። አይቻልም። ሲበዛ የደረቀው ኮላ ክብደት ሲያርፍበት ቀስ እያለ ይሸሻል። ሁለት የጣውላ ቁራጮች አጣብቀን ጡብ አንጠለጠልንባቸው፤ መጋጠሚያው ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርን። በረንዳው ላይ በጣም የጠራው ናሙና በሳምንቱ መስመሩ ሁለት ሚሊ ተለያይቶ ተገኘ። የሚበቃውን መጠን እስክናገኝ ክረምቱ ሊወጣ ተቃረበ።

ሌላው ነገር ከፍታችን ነው። የያዝነው ፎርሙላ ባሕር ጠለል ላይ ላለ ፋብሪካ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞኖመሩ፣ ማለትም ኮላው የሚሠራበት መነሻ ፈሳሽ ቪኒል አሲቴት፣ ባሕር ጠለል ላይ በ73 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ነው፤ እዚህ ከዚያም ቀድሞ ይፈላል። ሪአክተሩ (ኮላው የሚሠራበት ጋን) ወረቀቱ ላይ ያለው ሙቀት ሳይደርስ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ የሚመልሰው ኮንደንሰር መንጠባጠብ ይጀምራል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለን ቀየርነው። ሞኖመሩንም ማንቆርቆሩን ቀጠልን። በዚያ ሙቀት ሞኖመሩን ወደ ኮላ መለወጥ የሚያስጀምረው ፐርሰልፌት ቀርፋፋ ስለሆነ ሞኖመሩ ሳይበላ ተጠራቀመ፤ በኋላ በአንዴ ሲነሳ ሙቀቱ ከእጃችን አመለጠ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባቹ (የዚያ ዙር ምርት) ግን ረግቶ በመሮ ነው የወጣው።

አሁን መጀመሪያ የምንጨምረው ከሞኖመሩ ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ነው። መንጠባጠቡ ቀንሶ ሙቀቱ በራሱ ሽቅብ እስኪል ማንም ቫልቭ አይነካም። መብራት ከጠፋም መጀመሪያ የሚዘጋው የሞኖመሩ ቫልቭ ነው፤ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሮጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ከቴክኒሽያኖቻችን አንዷ ሰኔ ላይ የባልዲ ክዳን ጠርዝ ላይ የደረቀው ኮላ መንጣቱን አይታ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ይቆጣሉ ብዬ» አለችኝ።

አንድ ወር ሙሉ! እኔ መሣሪያ አምኜ ስፈርም እሷ መልሱን አይታው ነበር። በማግስቱ መዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን፦ «ያልገባኝ ነገር»። ሁሉም ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። የቴርሞሜትሩ ታሪክ ያኔ ቢጻፍ ኖሮ ባቹ ባልረጋ ነበር።

በቀጣዩ ሐምሌ አዲሱን ኮላ ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሁለት ጣውላ አጣብቀው፣ በሞርሳ አስረው አሳደሩት። ጠዋት በመዶሻ መቱት። የተቀደደው እንጨቱ ነው፤ መገጣጠሚያው ንቅንቅ አላለም። ቁራጩን አገላብጠው አዩና «የመታጠቢያ ቤት በርስ?» አሉኝ።

ያኛው ገና ነው። የአውሮፓው ኢኤን 204 መስፈርት ዲ3 ለሚባለው ውሃ የመቋቋም ደረጃ ናሙናው 4 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከርሞ በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 2 ኒውተን እንዲችል ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎቻችን ባልዲው ውስጥ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ተላቀቁ። አራተኛውን ሰኞ ነከርነው፤ አርብ ይወጣል።